ይሂብ፦ ፍሬው ስንቅም ዘርም የሆነ የኦጋዴን አበባ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ወደ ቀብሪ ደሃር የሚበር ሰው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ትቶ ከ600 ሜትር በታች በሆነ ሜዳ ላይ ያርፋል። በአንድ ጠዋት ከጥድና ከባሕር ዛፍ አገር ወደ ግራርና ወደ ከርቤ አገር ይሻገራል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዋርዴርና ወደ ሶማሊያ ድንበር በመኪና ሲቀጥል አፈሩ እየቀላ፣ ዛፉ እያጠረ፣ በቤቶች መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። በዚህ ቀይ አሸዋ ላይ፣ አብዛኛው ቁጥቋጦ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ሲደርቅ፣ አንድ ተክል አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። አበባው ደማቅ ቢጫ ነው። ፍሬው ይበላል። ቅጠሉ የነካውን እጅ ያቀላል። የአካባቢው ሶማሌዎች ይሂብ ይሉታል።

በአዲስ አበባ ስለዚህ ተክል የሰማ ሰው ጥቂት ነው። አገራችን በአደይ አበባ፣ በኮሶ ዛፍ፣ በወይራና በቡና ትታወቃለች፤ የምሥራቁ ቆላ ዕፅዋት ግን በመማሪያ መጽሐፎቻችንም ሆነ በጨዋታችን ውስጥ ቦታ አላገኙም። ይሂብ በምድር ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በሁለት አገሮች ብቻ ነው፦ በኢትዮጵያ ኦጋዴንና ከእሱ ጋር በሚዋሰነው የማዕከላዊ ሶማሊያ ሜዳ። እዚያ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ የመደበው።

የአደጋው ምንጭ ግን ከብዙ ብርቅዬ አበቦች ታሪክ ይለያል። ይሂብን የጎዳው ጠቃሚነቱ ነው። ሰው የሚበላው ፍሬ፣ ተክሉ ልጁን የሚያበቅልበት ዘር ራሱ ነው። በጥጋብ ዘመን ለሁለቱም የሚበቃ ፍሬ ይተርፋል፤ በድርቅ ዘመን ግን አይተርፍም። ይህን የተረዳ ሰው ይሂብን ለማዳን ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ግማሹን ተረድቷል።

መልኩና አካሉ

ይሂብ የባቄላ፣ የሽምብራና የግራር ቤተሰብ አባል ነው። ከመሬት ጀምሮ ብዙ ግንድ አውጥቶ ወደ ጎን ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት እምብዛም አይበልጥም፤ ሲመቸው ግን እስከ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ግንዱ ጠንካራ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሰል ሲሆን፣ በአንድ ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተሰለፉ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። ገልብጦ ላየው ከሥሩ በኩል ቀያይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች ቀይ ቀለም የሚያጠራቅሙ ዕጢዎች ናቸው።

አበባው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ይወጣል። አምስት ቢጫ ቅጠሎች አሉት፤ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በአቧራማው ሜዳ ላይ ግን ከሩቅ ይለያል። አበባው ካለፈ በኋላ ጫፉ የሾለ፣ ሞላላ የፍሬ ቅርፊት ይተካዋል። በውስጡ ከአንድ እስከ አራት የሚደርሱ ቡናማ ፍሬዎች ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ጣዕሙ ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭነት የሚያደላበት ለውዝ ይመስላል።

ከመሬት በላይ የሚታየው አካሉ ግን የተክሉን ግማሽ ታሪክ ብቻ ነው የሚናገረው። ዋናው ሥሩ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ወደ ታች ይወርዳል። ችግኙ ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ጉልበቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈሰው በዚህ ሥር ላይ ነው። ለዚህ ነው ከላይ ሲታይ ያላደገ የሚመስለው። ላዩ አፈር ከደረቀ በኋላ በጥልቅ አሸዋ ውስጥ የቀረውን እርጥበት የሚያገኘው በዚሁ ሥር ነው። የበጋው አረንጓዴነት ምስጢርም ይኸው ሥርና ውኃ ቶሎ የማያስተነው ወፍራም ቅጠሉ ነው።

ቀይ አሸዋ፣ ሁለት ዝናብ

ይሂብ የሚወደው መሬት ገበሬ የሚንቀው ዓይነት ነው፦ ጥልቅ፣ ውኃ የማያቁር፣ ለምነቱ ያነሰ ቀይ አሸዋ። የተፈጥሮ መኖሪያው ሙቀት የማይለየውና ከ1,000 ሜትር ከፍታ የማያልፍ ቆላ ነው። የዓመቱ ዝናብ ከ250 እስከ 400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ የአዲስ አበባን ዓመታዊ ዝናብ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በቦሌና በየካ ግቢዎች ለማሳደግ የሚሞክር ሰው ቢኖር የደጋው ብርድ አያስበቅልለትም፤ ተክሉ ውርጭን አይችልም።

ዝናቡ የሚመጣው በሁለት ወቅት ነው። ሶማሌዎች ጉ የሚሉት ዋናው ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ደይር የሚሉት አጭሩ ዝናብ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በመካከላቸው ሃጋና ጂላል የተባሉ ደረቅ ወቅቶች አሉ፤ ከሁለቱ ጂላል የከፋ ነው። የይሂብ አበባና ፍሬ ከእነዚህ ዝናቦች ጋር የተሳሰረ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ፍሬው በፍጥነት ይጎለብታል፤ ጊዜ አያጠፋም። ዝናቡ ሲቀር ግን ፍሬውም ያንሳል። ያም ሆኖ ቁጥቋጦው ራሱ በድርቅ ቶሎ አይሞትም። አርብቶ አደሩ በእሱ የሚተማመነውም ስለዚህ ነው፦ ማሽላው ከከሸፈ በኋላ፣ ሣሩም ካለቀ በኋላ ይሂብ አለ።

የዚህ ሜዳ ዕፅዋት በጠቅላላ ትልቅ ትኩረት ይገባቸዋል። የአፍሪካ ቀንድ ደረቃማ ምድር በዓለም ላይ ብዝኃ ሕይወታቸው ከፍተኛ ሆኖ አደጋ ከተጋረጠባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ተብሎ ተመዝግቧል። 5,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች እንዳሉትና ከእነዚህም ከግማሽ በላዩ፣ ወደ 2,750 የሚሆኑት፣ በሌላ ሥፍራ እንደማይገኙ ይገመታል። ዕጣንና ከርቤን ለዓለም የሰጠው ይህ ምድር ነው። በረሃ ማለት ባዶ ማለት የሚመስለው ሰው ይህን ቁጥር ደግሞ ያንብበው።

ፍሬው በሰው እጅ

ይሂብ ለሰው የሚሰጠው ምግብ የተሟላ ነው። በደረቁ ፍሬ ውስጥ ከአሥር በመቶ የሚበልጥ ፕሮቲንና በዚያው ልክ ቅባት አለ፤ ስታርቹ ከሲሶ በላይ ነው፤ ስኳሩም ከፍ ያለ ነው። ጉልበትም ገንቢ ምግብም በአንድ ላይ የሚሰጥ ፍሬ በበረሃ ሲገኝ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ወተት በሚያንስበት የበጋ ወራት ለሕፃናትና ለእረኞች ዋና ምግብ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ፍሬው በእሸቱ ይበላል፤ ይቆላል፤ ይቀቀላል። የተቀቀለበት ውኃ ጣፋጭ ስለሚሆን አይደፋም፤ ይጠጣል። ቅጠሉ እንደ ሻይ ይፈላል። ግንዱ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይውላል፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፤ እርጥብ ሆኖም ይነዳል። ግመሎችና ፍየሎች ሌላ አረንጓዴ ነገር በማይገኝበት ጊዜ የሚቀነጥሱት ይህንኑ ቁጥቋጦ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀለሙ ነው። ቅጠሉን የሚለቅም ሰው እጁ ይቀላል። ቅጠሉን አዘውትረው የሚበሉ ፍየሎች ጥርሳቸውና አጥንታቸው ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ይሆናል፤ ሲታረዱ በግልጽ ይታያል። ይህን የሚያደርገው ኬሚካል ኮርዶክሲያኩዊኖን ይባላል። ከብረት ዘሮች ጋር የመጣበቅ ባሕርይ አለው፤ አጥንት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተጣብቆ የሚቀረውም ለዚህ ነው። በዚሁ ባሕርይው የተነሳ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ በቀላሉ አይለቅም፤ የአካባቢው ሰዎችም ልብስ ያቀልሙበታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። የይሂብ ፍሬ በነቀዝ በቀላሉ ይጠቃል። ስለዚህ ለማቆየትና ለገበያ ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይቆላዋል ወይም ይቀቅለዋል። ይህ ብልህ ዘዴ ነው፤ ፍሬውን ከነቀዝ ያድነዋል። የተቆላና የተቀቀለ ፍሬ ግን አይበቅልም። ስለዚህ ወደ ገበያ የሄደው ፍሬ ሁሉ ከመሬቱ ለዘለዓለም የተቆረጠ ነው። ሌላ ቦታ ተጥሎም ቢሆን ቁጥቋጦ ሊሆን አይችልም።

ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት መንገድ

አርብቶ አደሩ ይሂብን ከማይታወቅ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ሳይንስ ስም የሰጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በለንደን የኪው ዕፅዋት ማዕከል የሚሠራው ዊልያም ሄምስሊ ከሶማሌ ምድር የተላከለትን ናሙና መርምሮ ኮርዶክሲያ ኤዱሊስ ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል በዚያን ጊዜ የብሪታኒያ ሶማሊላንድ ኮሚሽነር የነበረውን ሃሪ ኮርዶን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው የሚበላ ማለት ነው። በዚህ ወገን ውስጥ ያለው ዝርያ ይህ አንድ ብቻ ነው። ወንድምና እህት ዝርያ የሌለው ተክል ሲጠፋ አንድ ሙሉ የዕፅዋት ወገን አብሮት ይጠፋል።

በአገራችን ደግሞ ይሂብ የተመዘገበበት ታላቅ ሥራ የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተጀምሮ፣ በ2009 የመጨረሻው ቅጽ ታትሞ ተጠናቀቀ። መጀመሪያ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በኋላም በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሪነት የተሠራ ሲሆን፣ 6,000 ገደማ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን ይዟል። የባቄላ ቤተሰብ የሚገኝበት ሦስተኛው ቅጽ የወጣው በ1989 ነው፤ ያን ክፍል የጻፈው ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን ነው። የተክሎቹ ደረቅ ናሙናዎች የሚጠበቁበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው።

የኦጋዴን ዕፅዋት ግን ገና ተመርምረው አላለቁም። ለዚህ አንድ ምስክር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሊን በኦጋዴን ኮረብታዎች ላይ ሮዝ አበባ ያላትና ግራጫ ልጥ ያላት አንዲት ግራር አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት አካሲያ ፉሞሳ ተብላ ተሰየመች። የምትሸፍነው መሬት 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል መሬት የሸፈነ ዛፍ እስከ ሃያ አንደኛው መቶ ዓመት ድረስ በሳይንስ ሳይታወቅ የኖረው፣ ጦርነትና የጸጥታ ችግር ተመራማሪዎችን ከዚያ ምድር ለረጅም ጊዜ ስላራቃቸው ነው። ዛፎቹን የሚያውቃቸው እረኛው ብቻ ነበር።

ለምን ሳሳ?

ይሂብ በዓለም አቀፍ ደረጃ አስጊ ሁኔታ ላይ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የዕፅዋት ቀይ መዝገብ ስሙን ይዟል። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ለወደፊት ምግብ ተስፋ የሚጣልባቸውን የሐሩር ክልል ጥራጥሬዎች በዘረዘረበት መጽሐፍም ውስጥ ገብቷል። በ1998 የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ ብሎ መድቦታል። ከዚያ ወዲህ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረጉ የመስክ ጥናቶችም የመኖሪያው ስፋት እየጠበበና ቁጥሩ እየቀነሰ መሆኑን አረጋግጠዋል።

መንስኤዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው የዘር መራቆት ነው። ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ጭምር ስለሚለቀም በመሬት ላይ የሚቀር ዘር አይኖርም። አሮጌዎቹ ቁጥቋጦዎች ለረጅም ዘመን ስለሚኖሩ ሜዳው ከሩቅ ሲታይ ደህና ይመስላል። ቀርቦ ላየው ግን ወጣት ተክል የለም። ይህ እጅግ አታላይ ሁኔታ ነው፤ ጥፋቱ የሚታወቀው አሮጌዎቹ ሲያረጁ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ሁለተኛው ግጦሽ ነው። አንድ ዘር ከለቃሚውና ከነቀዙ አምልጦ ቢበቅል፣ ችግኙ አረንጓዴ በሌለበት ሜዳ ላይ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ፍየል አታልፈውም። ትልቁ ቁጥቋጦ ቢቀነጠስ ያገግማል፤ ሁለት ቅጠል ያለው ችግኝ ግን አንድ ጊዜ ከተነቀለ አበቃ።

ሦስተኛው የአኗኗር ለውጥ ነው። ቀደም ሲል ብዙው የኦጋዴን ሜዳ በበጋ ውኃ ስለሌለው ሰውና ከብት ለቆት ይሄድ ነበር፤ መሬቱ ያርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሲሚንቶ የሚሠሩ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች፣ ማለትም ቢርካዎች፣ በየቦታው በዙ። ቢርካ ሕይወት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ይሁን እንጂ ውኃ ባለበት መንደር ይቆማል፤ መንደር ባለበት ማገዶ ይቆረጣል፤ ከብቱም ዓመቱን ሙሉ ከዚያው አይለይም። ዕረፍቱ ቀረ።

አራተኛው ጦርነትና ድርቅ ነው። የ1969 እና 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በዚህ ምድር ላይ ነው የተካሄደው፤ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያልቀው ከብቱ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ትለቀማለች፤ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ለከሰል ይሸጣል። ልጁ የተራበበትን አባት ዘር አትንካ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ይሂብን መጠበቅ የሚቻለው ለድርቅ የሚሰጠው እርዳታ በጊዜ ሲደርስ ጭምር ነው።

የካ ያለው ጂን ባንክና ወሰኑ

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይገኛል። ኢንስቲትዩቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተክል ዘረመል ሀብት ማዕከል በሚል ስም ነው፤ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ ጂን ባንኮች አንዱ ነው። በቀዝቃዛ ክፍሎቹ ውስጥ የጤፍ፣ የገብስ፣ የስንዴ፣ የማሽላና የሌሎች ብዙ ሰብሎች ዘር በየከረጢቱ ታሽጎ ተቀምጧል። ዘሩ መጀመሪያ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያም ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ጦርነትም ድርቅም ማሳውን ቢያጠፋው ዘሩ ከዚህ ይገኛል።

ለገብስ የሚሠራው ዘዴ ግን ለሁሉም ተክል አይሠራም። የይሂብ ዘር ትኩስ ሆኖ ሲዘራ በደንብ ይበቅላል፤ እንዲሁ ሲቀመጥ ግን የመብቀል ኃይሉን በወራት ውስጥ ያጣል። ለከርሞ ብሎ ጎተራ ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ዓመት ሲዞር የሚያገኘው ነቀዝ የበላው ወይም የሞተ ዘር ነው። ስለዚህ ይሂብን በአንድ ካርቶን ሰብስቦ አዲስ አበባ አምጥቶ ተጠብቋል ማለት አይቻልም።

እንዲህ ላለ ተክል ሌላ መንገድ አለ፤ አገራችንም ታውቀዋለች። የቡና ዘርም በቀዝቃዛ ክፍል ለረጅም ጊዜ አይቆይም። በዚህ ምክንያት ኢንስቲትዩቱ ጅማ አካባቢ ጮጬ ላይ የቡና የመስክ ጂን ባንክ አቋቁሟል፤ ዘሩ በከረጢት ከሚቀመጥ ይልቅ ዛፉ ራሱ በሕይወት እያለ ይጠበቃል። ይሂብም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ በቀይ አሸዋ ላይ፣ በራሱ አየር ውስጥ፣ ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰበ ልዩ ልዩ ዘር በሕይወት የሚቆምበት የመስክ ጂን ባንክ። ቦታው የካ ሊሆን አይችልም፤ ዋርዴር ወይም እሱን የመሰለ ቆላ ሊሆን ይገባል።

እንዴት ይተርፋል?

የመጀመሪያው ሥራ በተፈጥሮ ቦታው ማዳን ነው። ደህና ሁኔታ ላይ ያሉ ጥቂት የይሂብ ሜዳዎች ተመርጠው ለተወሰኑ ዓመታት ከግጦሽ ቢከለሉ፣ ከለቀማውም የተወሰነው ፍሬ ለመሬቱ ቢተው ችግኝ ብቅ ማለት ይጀምራል። ይህን ከላይ በሚወርድ መመሪያ ብቻ ማስፈጸም አይቻልም። የሶማሌ ኅብረተሰብ ውኃንና ግጦሽን የሚዳኝበት ሄር የተባለ የቆየ ባህላዊ ሕግ አለው፤ ሽማግሌዎቹ ሲስማሙበት ይከበራል። የይሂብ ክልክል በሄር ከጸደቀ ጠባቂው መላው ጎሳ ነው። ካልጸደቀ አጥሩ አንድ በጋም አያልፍም።

ሁለተኛው ማባዛት ነው። ዘሩ በትኩሱ መዘራት አለበት፤ ከተለቀመበት ቀን እስከሚዘራበት ቀን ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር የተሻለ ነው። በተለመደው አጭር የፕላስቲክ ከረጢት የሚያድግ የይሂብ ችግኝ ሥሩ ከታች ይታጠፋል፤ ሲተከልም ይሞታል። ስለዚህ ረጅም ከረጢት ወይም በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ መዝራት ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይወስድበታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኬንያ ውስጥ ቮይ በተባለ ቦታ ተተክሎ መጽደቁ፣ ተክሉ ከአገሩ ውጭም በሚስማማው ቆላ ሊያድግ እንደሚችል ያሳያል። ጂግጂጋ ያለው የክልሉ የአርብቶ አደርና ከፊል አርብቶ አደር ምርምር ተቋምና የጂግጂጋ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ለደጋው ብቻ ሳይሆን ለቆላው አገር በቀል ተክል ድርሻ ቢመድብ፣ ይሂብ ከፊት ሊሰለፍ የሚገባው ነው።

ሦስተኛው የልማት ዕቅድ ነው። ኦጋዴን ዛሬ መንገድ የሚዘረጋበት፣ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የሚለማበት ምድር ነው። ልማቱ ለነዋሪው የዘመናት ጥያቄ መልስ ነው። ካምፕና ቧንቧ ሲዘረጋ ግን የይሂብ ሜዳዎች በካርታ ላይ መታየት አለባቸው። ያልተመዘገበ ሜዳ ባዶ መሬት ተብሎ ይታረሳል፣ ይቆፈራል። የተመዘገበ ከሆነ ግን መሐንዲሱ መንገዱን መቶ ሜትር ወደ ጎን ማዞር ይችላል።

አራተኛው መብት ነው። ምግብ፣ ቀለምና መድኃኒት የሚወጣው ተክል አንድ ቀን የኩባንያዎችን ዓይን መሳቡ አይቀርም። የዘረመል ሀብትን ማግኘትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለዚህ ቀን የወጣ ነው፤ ዝርያውን ወይም ስለ እሱ ያለውን ዕውቀት የሚወስድ ሰው ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን ከማኅበረሰቡ ጋር እንዲካፈል ያስገድዳል። የይሂብን ዋጋ ያወቀው፣ አቆይቶም ለዛሬ ያደረሰው አርብቶ አደሩ ነው። ጥቅም ከመጣ መጀመሪያ የእሱ ደጃፍ ሊደርስ ይገባል። ገበያ ብቻውን ግን መድኅን አይደለም። የተተከለ ይሂብ ሳይኖር ፍላጎቱ ብቻ ቢጨምር፣ በሜዳው ላይ የቀረው ፍሬ በአንድ ወቅት ተለቅሞ ያልቃል። መትከል መቅደም አለበት።

ከአዲስ አበባ ምን ይጠበቃል?

ቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በዚያ የሚኖሩ ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከግመልና ከፍየል ኋላ ነው። ስለ ኦጋዴን ዕፅዋት ከእነሱ የሚገኘው ዕውቀት በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት ተሟልቶ አይገኝም፦ የትኛው ሜዳ በየትኛው ዓመት እንደሳሳ፣ የትኛው ቁጥቋጦ ጣፋጭ ፍሬ እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ድርቅ ማን በምን እንደተረፈ። የከተማችን የባዮሎጂ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲፈልግ ሩቅ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል። ትሑት ሆኖ መጠየቅና በጥንቃቄ መጻፍ ይበቃዋል። ያ ትውልድ ካለፈ ዕውቀቱም አብሮት ያልፋል።

የትምህርት ቤቶቻችንም ድርሻ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ እንደሚማረው ሁሉ፣ በአገሩ ምሥራቅ በዓለም ላይ እህት ዝርያ የሌለው ተክል መኖሩን ሊማር ይገባዋል። ለማያውቀው ነገር ማንም አይሟገትም። በጀት ሲከፋፈል፣ የችግኝ ዓይነት ሲመረጥ፣ የጥናት ገንዘብ ሲመደብ ውሳኔው የሚሰጠው በአብዛኛው በዚህ ከተማ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ከተማ መታወቁ ለዚያ ቁጥቋጦ ቁም ነገር ነው።

ጥበቃው መሥራቱን የምናውቅበት መለኪያ ደግሞ ግልጽ ነው። የተተከለው ችግኝ ብዛትም ሆነ የተካሄደው ዓውደ ጥናት መለኪያ አይሆንም። ወደ ሜዳው የሚወርድ ባለሙያ የሚፈልገው በአሮጌዎቹ ቁጥቋጦዎች መካከል የአንድ ዓመት፣ የአምስት ዓመትና የአሥር ዓመት ዕድሜ ያላቸው ተክሎች በአንድነት መኖራቸውን ነው። እነሱ ከተገኙ፣ ሕዝቡ እየበላም ቢሆን ለመሬቱ እየተወለት ነው ማለት ነው። ካልተገኙ ግን የይሂብ ሜዳ የቱንም ያህል አረንጓዴ ቢመስል ሥራው ገና አልተጀመረም።